ባልንጀራን እንደ ራስ ስለ ማየት

ሰው ሁሉ በቤቱም ሆነ በአደባባይ ከሌላው ሰው ጋራ ሳይገናኝ ሊኖር አይችልም። መገናኘት ካለ ደግሞ መስጠትና መቀበል፤ ማዘዝና መታዘዝ፤ መጥራትና መጠራት አለ። ስለዚህ በሃይማኖትም በቋንቋም የተለያዩ ሕዝቦች በየአገራቸውና በየዘመናቸው አንድ ዓይነት ምክር ለልጆቻቸው ሲሰጡ ኖረዋል። ምክሩም ሰው ለራሱ የሚመኘውን ለባልንጀራው እንዲያደርግ፤ በራሱ ላይ እንዲደርስ የማይወደውንም በሌላው ላይ እንዳያደርስ የሚያዝ ነው። የአውሮፓ ሊቃውንት ይህን ምክር ወርቃማው ሕግ ብለው ይጠሩታል። እኛም ይህ ሕግ በየሃይማኖቱ እንዴት እንደ ተነገረና በቤታችን ውስጥ በምን እንደሚፈተን ጥቂት ለማመልከት አሰብን።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ551 ዓመት የተወለደው የቻይናው ፈላስፋ ኮንፊሺየስ፤ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ሊመራበት የሚችል አንድ ቃል ይኖር እንደ ሆነ ደቀ መዝሙሩ በጠየቀው ጊዜ፤ የሌላውን ልብ በራስ ልብ መመዘን የሚል ትርጓሜ ያለውን ቃል እንደ ነገረው ተጽፎ ይገኛል። በአይሁድም ዘንድ በሄሮድስ ዘመን ስለ ነበረው ስለ ሊቁ ሂሌል የሚነገር ታሪክ አለ። አንድ አሕዛባዊ ሰው በአንድ እግሩ ቆሞ ሳለ ሕጉን ሁሉ እንዲያስተምረው ሊቁን ሻማይን ቢለምን፤ ሻማይ በእጁ በያዘው የግንበኛ መለኪያ ገፍቶ አባረረው። ያው ሰው ወደ ሂሌል በሄደ ጊዜ ግን ሂሌል ሳይቆጣ ተቀበለውና፤ የሕጉ ሥር ለራስ የሚጠሉትን በባልንጀራ ላይ አለማድረግ እንደ ሆነ፤ የቀረውም የዚህ ትርጓሜ ስለ ሆነ ሄዶ እንዲማር ነገረው። ልብ ብለን ብንመለከተው ሂሌል ሕጉን ያስተማረው በቃሉ ብቻ ሳይሆን እንግዳውን በትዕግሥት በመቀበሉም ጭምር ነው።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ ሆኖ በሚቈጠረው በመጽሐፈ ጦቢት፤ በምዕራፍ 4፤ ይኸው ምክር አባት ለልጁ ሲሰጠው እናያለን። ጦቢት በምርኮ አገር በነነዌ ሳለ ዓይኑ ታውሮ ሞቱን ስለ ተጠባበቀ፤ ልጁን ጦብያን ወደ ሜዶን አገር ከመላኩ አስቀድሞ ይመክረዋል። የሚያስደንቀው የምክሩ ተራ ነው፤ ሰው የሚጠላውን በሌላው ላይ እንዳያደርግ ከማዘዙ በፊት፤ የሠራተኛውን ደመወዝ ሳያሳድር እንዲከፍል ያዝዘዋል፤ ቀጥሎም እንጀራውን ለተራበ እንዲያካፍል ይነግረዋል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 7 በሚገኘው የተራራው ስብከት ደግሞ ሕጉ ክፉን በመተው ብቻ ሳይወሰን በጎውን ቀድሞ ማድረግን ይጠይቃል። በእስላሞችም ዘንድ ቡኻሪና ሙስሊም በሰበሰቧቸው ሐዲሶች፤ ሰው ለራሱ የሚወደውን ለወንድሙ እስኪወድ ድረስ እምነቱ እንዳልተፈጸመ ተነግሯል።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1893 በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ የልዩ ልዩ ሃይማኖት ሰዎች አንድ ታላቅ ጉባኤ አድርገው ነበር። መቶ ዓመት ሲሞላው በ1993 በዚያው ከተማ እንደ ገና በተሰበሰቡ ጊዜ፤ ጀርመን አገር ያስተምር የነበረው የነገረ መለኮት ሊቅ ሐንስ ኩንግ ያረቀቀውን ቃል ተቀብለው ይህ ሕግ የሁሉም የጋራ መሠረት መሆኑን አስታወቁ። ነገር ግን በቃል መስማማት ሌላ፤ ሕጉን በሥራ መተርጐም ሌላ ነው።

የአየርላንዱ ተወላጅ ደራሲ ጆርጅ በርናርድ ሾው በ1903 ባሳተመው መጽሐፍ በዚህ ሕግ ላይ ቀልዶበታል። የሰው ሁሉ ፍላጎት አንድ ስላልሆነ፤ አንተ የወደድኸውን ለሌላው ማድረግ ሊጐዳው ይችላል ማለቱ ነው። ነቀፋው ከንቱ አይደለም። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሰው ለጾመኛ እንግዳው ጥሬ ሥጋ ቢያቀርብ፤ ለራሱ የሚወደውን ሰጠ እንጂ እንግዳውን አላከበረም።

ለዚህ ነቀፋ የሚበቃውን መልስ ግን ክርስቲያንና እስላም በአንድ መንደር፤ አንዳንድ ጊዜም በአንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ በሚኖሩበት በወሎ ድግስ እናገኘዋለን። በአገራችን ልማድ ክርስቲያኑ እስላም ያረደውን፤ እስላሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ስለዚህ ልጁን የሚድር ክርስቲያን ለእስላም ጎረቤቶቹ የሚሆነውን በግ ወይም በሬ ከነሕይወቱ ያስረክባቸዋል፤ እነርሱም በሥርዓታቸው አርደው፤ በተለየ ድስት ያበስሉታል፤ በጠጅ ፈንታም ብርዝ ይቀርብላቸዋል። እስላሙም ሲደግስ ለክርስቲያን እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጋል። ባለ ድግሱ ለእንግዳው የራሱን ሥጋ አልሰጠም፤ ነገር ግን እርሱ ራሱ በሰው ቤት ቢጠራ ሃይማኖቱ እንዲጠበቅለት የሚመኘውን ያህል የእንግዳውን ሃይማኖት ጠበቀለት። እንግዲህ ሕጉ የሚያዝዘው የምንወደውን መብል እንድንሰጥ ሳይሆን የምንወደውን ክብር እንድንሰጥ ነው።

በ615 ዓመት ገደማ በመካ የተሰደዱት የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ወደ ሐበሻ በመጡ ጊዜ የሆነውን የእስላም ታሪክ ጸሐፊዎች ሲተርኩ፤ ከሳሾቻቸው ገጸ በረከት ይዘው ስደተኞቹ እንዲሰጧቸው ንጉሡን እንደ ለመኑት ይናገራሉ። ነጃሺ የተባለው ክርስቲያን ንጉሥ ግን የስደተኞቹን ቃል ሳይሰማ አልፈርድም አለ፤ ከሰማም በኋላ ገጸ በረከቱን መልሶ ስደተኞቹን በሰላም አስቀመጣቸው። የተከሰሰ ሰው ሁሉ የሚመኘው ቃሉ እንዲሰማለት ነውና፤ ዳኛ ለሆነ ሰው የሕጉ አፈጻጸም ይኸው ነው።

ነገር ግን ይህ ሕግ አብልጦ የሚፈተነው በአደባባይና በሠርግ ቀን ሳይሆን ሰው በማያይበት በጓዳ ነው። እንግዳ የተከበረ ስለ ሆነ እርሱን ማክበር ለባለቤቱም ስም ይሰጣል፤ የቤት አገልጋይ ግን ሃይማኖቷ ከቤቱ ሰዎች ሃይማኖት የተለየ እንደ ሆነ የሚያስብላት ብዙ አይደለም። ቤተ ሰቡ ሁሉ ሥጋ ሲበላ እርስዋ እንጀራዋን በበርበሬ አጥቅሳ የምታድርበት ቤት አለ። በዓሏ ሲውል ፈቃድ ለመጠየቅ የምትፈራበት፤ ጸሎቷንም ልጆች እየተሳለቁ የሚያስመስሉበት ቤት አለ።

ስለዚህ የቤት እመቤትም ሆነች አባወራ ሦስት ነገር እንዲያስቡ እንመክራለን። መጀመሪያ፤ በቤታቸው ያለው አገልጋይ የሚበላው ምግብ፤ የሚጾምበትና የሚያከብረው ቀን ምን እንደ ሆነ ራሳቸው ይጠይቁ፤ አገልጋይ ደፍሮ እስኪናገር መጠበቅ አይገባም። ሁለተኛ፤ ደመወዙን በቀኑ ይክፈሉ። ሦስተኛ፤ ልጆቻቸው በሌላው ሃይማኖት ላይ ሲቀልዱ ቢሰሙ በዝምታ አይለፉ፤ የጎረቤት ሐዘን በሆነ ጊዜም የሃይማኖቱን ልዩነት ሳይመለከቱ ልጆቻቸውን ይዘው ለቅሶ ይድረሱ። ጦቢት ልጁን በቃል የመከረው ሠርቶ ካሳየው በኋላ ነበርና፤ ለልጅ ከምክር ይልቅ የወላጁ ሥራ ይቀርበዋል።