ከፎቶው የተቆረጠው ግጭ

ቦሌ መንገድ ላይ ባሉ የጉዞ ወኪሎች መስታወት ላይ አንድ ምስል አይጠፋም፤ ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠ ጭላዳ፣ ከኋላው ጉም የለበሰ ሸንተረር። ሰው የለበትም፤ የገብስ ማሳና የጎጆ ጭስም የለበትም።

ምስሉ የተነሳበት የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 እ.ኤ.አ. በሕግ ሲቋቋም ግን ግጭ የሚባል መንደር ውስጡ ነበር። በ1978 ከላሊበላ ጋር ከዩኔስኮ የመጀመሪያ 12 ቅርሶች አንዱ ሲሆንም ገበሬው እዚያው ያርስ ነበር። በ1996 ፓርኩ አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። በ2016 የግጭ ሰዎች፣ ከ400 በላይ አባወራ፣ ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በዓመቱ ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ጊዮም ብላን በ2020 ባሳተመው መጽሐፍ ሰው አልባ የአፍሪካ ተፈጥሮ የሚባለውን የውጭ ሰዎች ፈጠራ ይለዋል። ሙሉ በሙሉ አልስማማም፤ ግጦሹ የጓሳ ሣሩን ጎድቶት ነበር። ሆኖም እረኛው ከፊቱ እስኪያልፍ የሚጠብቅ ፎቶ አንሺ ሳያውቀው ፍርድ ሰጥቷል።

ጭላዳን ማንሳት ቀላል ነው። ገደል ላይ አድሮ ፀሐይ ሲሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል፣ ቁጭ ብሎ ሣር ይነጫል፣ ሰውም ለምዷል። ዋልያ ግን ፓርኩ ውስጥ ጨነቅ አካባቢ በማለዳ መጠበቅና ረጅም ሌንስ ይፈልጋል። ድሮን ያሰበ፣ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ፈቃድ ካልያዘ፣ ቦሌ ጉምሩክ ላይ ያስረክባል። (ለእንስሳቱ እሰየው ነው።)

ፎቶ ግን ለመሬቱ ምስክር መሆንም ይችላል። የጂኦግራፊ ምሁሩ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ እንግሊዞች በ1868 በመቅደላ ዘመቻ ያነሷቸውን ፎቶዎች ይዘው ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ ያንኑ ቦታ ደግመው አነሱ። ብዙ ቦታ ላይ ዛፉ ከድሮው በዝቶ ተገኘ፤ መሬቱ ዓመት ከዓመት ይራቆታል የሚለውን የለመድነውን ወሬ ያናጋ ግኝት ነው። ስሜን ላይም እንዲህ ያንኑ ቦታ ደጋግሞ ማንሳት ያስፈልጋል። በ2019 እሳት ጓሳውንና የአስታ ዛፉን በልቷል። ከ2023 ወዲህ አማራ ክልል ውስጥ ያለው ግጭት ጎብኚውን ስላራቀ አስጎብኚው፣ ስካውቱና በቅሎ አከራዩ ሥራ ፈተዋል። እነሱ ተራራውን ከማንም በላይ ያውቁታል፣ ስልካቸውም ካሜራ አለው። የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን በየጥቅምቱ እሜት ጎጎ፣ ግጭና ጨነቅ ላይ ከየአንዳንዱ አንድ ቋሚ ቦታ ቆመው እንዲያነሱ ቢከፍላቸው፣ ፎቶዎቹም ደባርቅ ቢቀመጡ፣ የቀድሞ የግጭ ነዋሪዎች ማሳቸው የነበረው መሬት ምን እንደሆነ ራሳቸው ያዩት ነበር።