የፍሎራይድ እንክብል ለሕፃናት፦ ከመድኃኒቱ በፊት ውኃው ይመርመር

ሕፃናትን ከጥርስ መቦርቦር ለመከላከል በሐኪም ትዕዛዝ የሚሰጥ የፍሎራይድ እንክብል ወይም ጠብታ በአንዳንድ ሀገራት ለዓመታት ሲሠራበት ቆይቷል። መድኃኒቱ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል ለሚለው ጥያቄ ግን ልጁ የሚጠጣው ውኃ ሳይታወቅ መልስ መስጠት አይቻልም።

ፍሎራይድ በአለት፣ በአፈር እና በውኃ ውስጥ በተፈጥሮ ይገኛል። በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳርን ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ አሲዱም የጥርስን ጠንካራ ሽፋን እያሟሟ ያሳሳዋል። ፍሎራይድ የሳሳው ሽፋን ከምራቅ ካልሲየም እና ፎስፌት መልሶ እንዲይዝ ያግዛል። ቀደም ሲል ዋናው ጥቅም የሚገኘው ፍሎራይዱ ተውጦ፣ ጥርሱ ገና በድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ዛሬ ግን ባለሙያዎች አብዛኛው ጥቅም የሚገኘው ጥርሱን ከውጭ ሲነካው እንደኾነ ይስማማሉ። እንክብሉ ከመዋጡ በፊት እንዲታኘክ ወይም እንዲመጠጥ የሚመከረውም ለዚሁ ነው።

በአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ መሠረት እንክብሉ የሚታዘዘው ለመቦርቦር በእጅጉ ለተጋለጡ ልጆች ብቻ ነው። ውኃው በሊትር ከ0.3 ሚሊ ግራም ያነሰ ፍሎራይድ ካለው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ላለ ሕፃን በቀን 0.25፣ እስከ 6 ዓመት 0.5፣ እስከ 16 ዓመት ደግሞ 1 ሚሊ ግራም ይሰጣል። የውኃው መጠን ከ0.6 ካለፈ እንክብል አይታዘዝም።

በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከእሳተ ገሞራ አለት የሚወጣው የከርሰ ምድር ውኃ በብዙ ቦታዎች የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊ ግራም ወሰን ያልፋል። በሊትር 5 ሚሊ ግራም ካለው ጉድጓድ በቀን አንድ ሊትር የሚጠጣ ልጅ ከትልቁ የእንክብል መጠን አምስት እጥፍ ይወስዳል ማለት ነው። ውጤቱም ፍሎሮሲስ ይባላል፤ ጥርስ ላይ ነጭ ዝንጉርጉር፣ ሲብስ ቡናማ ቀለም እና ጉድጓድ ይታያል። ይህ የንጽሕና ጉድለት አይደለም፤ በመፋቂያም አይለቅም። መጠኑ ከፍ ብሎ ለዓመታት ሲቆይ አጥንትን እና መገጣጠሚያን ያግራል፤ በወንጂ የስኳር ልማት አካባቢ የታየው ጉዳት በጥናት ተመዝግቧል። ውኃውን ማፍላትም መፍትሔ አይደለም። ውኃው ሲተን ፍሎራይዱ ይቀራልና መጠኑ ይልቁንም ይጨምራል። ከመፍትሔዎቹ መካከል በተቃጠለ የከብት አጥንት ከሰል ማጣራት ይገኝበታል።

በደጋው ብዙ ምንጮች እና ወንዞች ፍሎራይዳቸው አነስተኛ ነው። በዚያም ቢኾን ቀዳሚው አማራጭ እንክብል ሳይኾን ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ነው፦ ከ3 ዓመት በታች የሩዝ ፍሬ፣ ከዚያ እስከ 6 ዓመት የአተር ፍሬ የሚያህል፣ በቀን ሁለት ጊዜ። ጣፋጭ መቀነስም ከዚህ አይተናነስም።

የአሜሪካ የምግብ እና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ በግንቦት 2025 ለሕፃናት የሚሰጡ የሚዋጡ የፍሎራይድ መድኃኒቶችን ከገበያ ለማስወጣት እርምጃ መጀመሩን አስታውቋል። የጥርስ ሐኪሞች ማኅበሩ በበኩሉ ፍሎራይድ በሌለው ውኃ የሚኖሩ ልጆች ይጎዳሉ ሲል ተቃውሟል። ክርክሩ ገና አልተቋጨም። ከባሕር ማዶ ዘመድ እንክብል የተላከላቸው፣ በተለይም በዝዋይ፣ በአዳማ ወይም በሐዋሳ ዙሪያ የሚኖሩ ወላጆች ግን የሚጠጡት ውኃ ተመርምሮ የጥርስ ሐኪም ሳያማክሩ ለልጃቸው መስጠት የለባቸውም።