አይስ ፕላንትን የሚገድለው ብርድ አይደለም

መሬት ላይ እየተሳቡ ግቢውን በሐምራዊ፣ በብርቱካናማና በቢጫ አበባ የሚያለብሱት አይስ ፕላንቶች ክረምት ላይ ሲያልቁ ባለቤቱ «ብርዱ ፈጀብኝ» ይላል። ብርዱ አይደለም። ከሌሶቶና ከድራከንስበርግ ተራሮች የተወሰዱ ዴሎስፐርማ የተባሉ አይስ ፕላንቶች በረዶ በሚጥልባት የአሜሪካዋ ዴንቨር ሳይቀር ከርመው ያብባሉ። እኛም አገር የበቀለ ዘመድ አላቸው፤ ሳይንሱ ዴሎስፐርማ አቢሲኒከም ይለዋል።

የሚገድላቸው ውሃ አዝሎ የሚከርም አፈር ነው። ሐምሌ ላይ መረሬ አፈር ውስጥ ሥሩ አየር ያጣና ይበሰብሳል። ግንዱን ከአፈሩ በሚገናኝበት ቦታ ቆንጠጥ አድርጎ ማየት ነው፤ ጤነኛው ጠንካራ ሲሆን የታመመው ቡናማ ሆኖ ጣት ላይ ይሟሟል። ስለዚህ መደቡን ከፍ ማድረግ፣ አፈሩንም ከአሸዋ ወይም ከደቀቀ ቀይ አሽ ጋር እኩል በእኩል መቀላቀል ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ጉድጓዱ ሥር ጠጠር ጥሎ የተገላገለ ይመስለዋል። ውሃ ግን ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር በቀላሉ ስለማይወርድ ሥሩ ዙሪያ ይጠራቀማል።

«ጭራሽ ውሃ አይፈልጉም» የሚባለውም ልክ አይደለም። ብዙዎቹ የቅጠላቸውን ቀዳዳ ቀን ዘግተው ሌሊት በመክፈት ውሃ ይቆጥባሉ እንጂ ያለ ውሃ አይኖሩም። በበጋ ቅጠሉ ሲጨማደድ አጥግቦ ማጠጣት፣ ከዚያ አፈሩ እስኪደርቅ መተው ነው። በየጠዋቱ በጎማ የሚረጭላቸውን ሰው ባስቆመው ደስ ይለኛል። ፍግም ሲበዛ ቅጠሉን እንጂ አበባውን አያበዛም።

አበባው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተከድኖ ያየ ሰው ጠውልጓል ብሎ ውሃ ይደፋበታል። ተፈጥሮው ነው፤ ሲመሽና ሲደምን ይከደናል፣ 5 ሰዓት ላይ ፀሐይ ሲያገኘው ይፈካል። ዛፍ ጥላ ሥር ተተክሎ ከሆነ ግን አበባ መጠበቅ ከንቱ ነው።

«ማንኛውንም ዳገት ይይዛል» የሚለው እምነት ካሊፎርኒያን ብዙ አስከፍሏል። ካርፖብሮተስ ኤዱሊስ የተባለው ባለ ወፍራም ቅጠል ዝርያ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አፈር እንዲይዝ በባቡር ሐዲድ ዳር፣ ኋላም በአውራ ጎዳናዎች ዳር ተተከለ። ዛሬ የአገሩን እፅዋት ስለዋጠ ከባሕር ዳርቻው እየተነቀለ ነው። ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነም ዝናብ ጠጥቶ ሲከብድ ቀጥ ያለውን ዳገት ይዞት ይወርዳል። ችግኝ ሲገዙ ቅጠለ ትንንሹን ይምረጡ፤ የተከረከመውንም ወንዝ ዳር አይጣሉ፣ ቁራጩ ሥር ይሰዳል።

አይስ ፕላንት ሳርንም አይተካም፤ ሲረገጥ ቅጠሉ ይፈርጣል። ልጆች ከሚሮጡበት ይራቅ።

የሚተከለው መስከረም መጨረሻ ላይ ነው። 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ወስዶ፣ የተቆረጠው ጫፍ እስኪደርቅ ሁለት ቀን ጥላ ላይ አቆይቶ፣ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት መትከል ነው። ያኔ ቀጣዩ ክረምት እስኪገባ ሥር የሚሰድበት ስምንት ወር ያህል ያገኛል።