«ስኳር ገባ ወይ?» የሚል ስልክ

ከአዋሽ ወደ ሚኤሶና ጭሮ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ አሰቦት የሚያስተምር አንድ መምህር አለ እንበል። ጠዋት ጠዋት የቢቢሲ አማርኛን ገጽ ይከፍታል፣ ቀጥሎ የዶይቼ ቬለን፣ ቀጥሎ የሪፖርተርን። ፎቶውና ማስታወቂያው የኢንተርኔት ጥቅሉን እየበላ ገጹ እስኪከፈት ይጠብቃል፤ ሲከፈት ደግሞ የትናንቱ ዜና እንዳለ ተቀምጧል።

ይህን ምልልስ ስልኩ ራሱ ሊሠራለት ይችላል። ብዙ ድረ ገጾች ከሚታየው ገጽ ጀርባ አር ኤስ ኤስ የሚባል ቀለል ያለ ፋይል ያስቀምጣሉ። ውስጡ ያለው ጽሑፍ ብቻ ነው፦ የቅርቦቹ ዘገባዎች ርዕስ፣ አድራሻ፣ ቀን፣ አንዳንዴም አጭር ማጠቃለያ። አሠራሩ የወጣው በፈረንጆቹ 1999 ከኔትስኬፕ ኩባንያ ነው። በዓመቱ አዲስ እትም ካዘጋጁት ሰዎች አንዱ አሮን ሽዋርትዝ ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበር።

ሥራው ልጅን ወደ ሸማቾች ሱቅ ልኮ «ስኳር ገባ ወይ?» እንደማስጠየቅ ነው። ስልኩ ላይ የተጫነው አንባቢ መተግበሪያ በየተወሰነ ሰዓት ድረ ገጹን «ባለፈው ከጠየቅሁህ ወዲህ የተለወጠ ነገር አለ?» ይለዋል። ከሌለ 304 የሚል ቁጥር ያለበት አጭር መልስ ይመጣል፤ ፋይሉ ጨርሶ አይወርድም፣ ጥቅሉም አይነካም ማለት ይቻላል። ካለ ፋይሉ ይወርዳል። መተግበሪያው የእያንዳንዱን ዘገባ መለያ ቀድሞ ከሚያውቃቸው ጋር ያስተያይና አዲሱን ብቻ ያሳያል። ርዕሶቹ ስልኩ ላይ ስለሚቀመጡ ኔትወርክ ሲጠፋም ይነበባሉ።

ለአንድሮይድ ፊደር የሚባለው መተግበሪያ ነፃ ነው። የድረ ገጹን አድራሻ ሲሰጡት አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉን ፈልጎ ያገኘዋል። እምቢ ካለ፣ ድረ ገጹ በዎርድፕሬስ የተሠራ ከሆነ ከአድራሻው መጨረሻ «ፊድ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ፊደል መጨመር ነው። የዩቲዩብ ቻናሎችም ይህ ፋይል አላቸው። ፖድካስት የሚያዳምጥ ሰውማ ሳያውቀው ሲጠቀምበት ኖሯል።

አንድ ጉድለት አለው። ፋይሉ የሚይዘው የቅርቦቹን ብቻ ነው፤ ዎርድፕሬስ ካልተነካካ 10 ጽሑፍ ያህል። መብራት ጠፍቶ ስልኩ ሁለት ቀን ከተዘጋ፣ በቀን ብዙ የሚያወጣ ድረ ገጽ መሀል ላይ የጻፈው ያመልጣል። ፊድሊና ኢኖሪደር የሚባሉት አገልግሎቶች በራሳቸው ሰርቨር ላይ ስለሚሰበስቡ ይህ ችግር የለባቸውም፤ ነገር ግን መሀል የሚገባ ድርጅት መጣ ማለት ነው። ጉግል ተመሳሳይ አገልግሎቱን በፈረንጆቹ ሐምሌ 2013 ሲዘጋ ተጠቃሚው ሁሉ ሌላ ማረፊያ ፍለጋ ወጥቷል። እኔ ስልክ ላይ የሚቀመጠውን እመርጣለሁ።

«ቴሌግራም እያለልኝ ለምን ልድከም?» የሚል አይጠፋም። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለ5 ወር ያህል ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ኢትዮጵያ ውስጥ ታግደው ነበር። ቪፒኤን የሌለው ሰው ወሬው ሁሉ የሚደርሰው በቴሌግራም ከነበረ ተቋረጠበት። አር ኤስ ኤስ ግን የሚመጣው ከድረ ገጹ ከራሱ ነው፤ ድረ ገጹ እስከተከፈተ ድረስ ይሠራል። የታወቀ ድርጅት አርማ ለጥፎ የሚነግድ አስመሳይ ቻናልም መሀል አይገባበትም። ኢንተርኔቱ ከነአካቴው ሲቋረጥ ግን እሱም ዋጋ የለውም።

ሌላው የራሳችን ጣጣ ነው። ብዙ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ድረ ገጹን ከፍቶ ይረሳውና ማስታወቂያውን ፌስቡክ ላይ ይለጥፋል። የእንዲህ ያለውን መሥሪያ ቤት ፋይል መከታተል ዓመቱን ሙሉ 304 መቀበል ነው። ስለዚህ መምህራችን ለዜና አንባቢውን ይጫን፤ የወረዳውንና የትምህርት ቢሮውን ወሬ የሚያይበትን ቴሌግራም ግን ገና አያጥፋው።