እየሞቀ የሚረጋ ፈሳሽ፦ የፕላስቲክ ትል እንዴት ይሠራል?

ቅቤ ሲሞቅ ይቀልጣል፤ ሰምም እንዲሁ። ዕንቁላል ግን ሲሞቅ ይረጋል፤ አንዴ ከረጋ በኋላ የፈለገውን ያህል ብናሞቀው ወደ ፈሳሽነቱ አይመለስም። ለመሆኑ የሁለቱንም ጠባይ አንድ ላይ የያዘ ነገር ይኖር ይሆን? ይኸውም በመጀመሪያ ሲሞቅ የሚረጋ፣ ይበልጥ ሲሞቅ የሚቀልጥ፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ጎማ የሚለመጥ፣ እንደገና ሲሞቅ ደግሞ እንደገና የሚቀልጥ? አዎን፣ አለ። በአሜሪካና በአውሮፓ ለመዝናናት ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች በየቤታቸው ሰው ሠራሽ ትል የሚሠሩበት ፈሳሽ ነው። ስሙም ፕላስቲሶል ይባላል።

«ይህ ለእኛ ምን ይፈይዳል?» የሚል ጓደኛ እንደሚኖር አልጠራጠርም። እውነት ነው፣ በእኛ አገር ሐይቆች ላይ ዓሣ በአብዛኛው የሚያዘው በመረብ ነው። በመንጠቆ የሚያጠምደውም ቢሆን እውነተኛ ምግብ ይሰካበታል እንጂ የፕላስቲክ ትል ፍለጋ አይዞርም። ዳሩ ግን እኛ መምህር ለመሆን የምንሠለጥን ሰዎች ነን፤ የማስተማሪያ መሣሪያ ከአካባቢያችን ቁሳቁስ እንድንሠራ ዘወትር ይነገረናል። በዚህ ጊዜ «ያረጀ ፕላስቲክ አቅልጦ ቅርጽ ማውጣት» የሚለው ሐሳብ ብቅ ማለቱ አይቀርም። ሐሳቡ በጎ ነው። ግን የትኛው ፕላስቲክ? በስንት ዲግሪ? ምን ዓይነት ጋዝ እያወጣ? የእነዚህ ትል ሠሪዎች ሥራ ለጥያቄዎቹ ጥሩ ምሳሌ ሆኖ ስላገኘሁት ነው ለዚህ ገጽ የመረጥኩት።

ታሪኩ የሚጀምረው በአሜሪካ፣ በኦሃዮ ግዛት፣ በአክሮን ከተማ ነው። አክሮን በጎማ ፋብሪካዎቿ ስሟ የገነነ ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1926 በዚያ በጉድሪች ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኬሚስቱ ዋልዶ ሴመን ጎማን ከብረት ጋር የሚያጣብቅ ነገር ይፈልግ ነበር። ፒ.ቪ.ሲ. የሚባለውንና በዘመኑ ይህ ነው የሚባል ጥቅም ያልተገኘለትን ደረቅ ነገር በቶሎ በማይተን ፈሳሽ ውስጥ አሞቀው። ሲቀዘቅዝ በእጁ የገባው ማጣበቂያ ሳይሆን እንደ ጎማ የሚለመጥ ነገር ሆነ። ዛሬ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚለብሰው ፕላስቲክ የዚህ ሥራ ልጅ ነው።

ከ23 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1949፣ በዚያችው በአክሮን ኒክ ክሬም የተባለ የማሽን ባለሙያ ከባለቤቱ ከኮስማ ጋር ሆኖ በወጥ ቤታቸው ምድጃ ላይ ለስላሳ የፕላስቲክ ትል ሠራ። ቅርጹን ያወጣው ከእውነተኛ የምድር ትል ላይ ነው። ከዚያ በፊት ሰው ሠራሽ ማባበያ በብዛት ከእንጨትና ከብረት ይሠራ ስለነበር፣ ዓሣው ነክሶ ድንጋይ መሆኑን ሲያውቅ ወዲያው ይተፋዋል። ለስላሳው ትል ግን ውሃ ውስጥ ይወዛወዛል፣ ሲነከስም ሥጋ ይመስላል። የባልና የሚስቱ ሥራ አድጎ ኩባንያ ሆነ፤ በኋላም ወደ ቴክሳስ፣ ወደ ታይለር ከተማ ተዛወረ።

እንግዲህ ወደ ድስቱ እንመለስ፤ ዋናው ትምህርት ያለው እዚያ ነው።

አጥሚት ሲሠራ ያላየ ከመካከላችን የለም። ዱቄቱ በቀዝቃዛ ውሃ ሲበጠበጥ ቀጭን ነው፤ ዝም ብለው ቢተዉት ዱቄቱ ከታች ይዘቅጣል። ሲሞቅ ግን የስታርቹ እንክብሎች ውሃውን እየጠጡ ያብጣሉ፣ እርስ በርሳቸው ይጋፋሉ፣ አጥሚቱም ይወፍራል። ፕላስቲሶልም ልክ እንዲሁ ነው። በጣም የደቀቀ የፒ.ቪ.ሲ. ዱቄት ማለስለሻ በሚባል ዘይት መሰል ፈሳሽ ውስጥ ተበጥብጦ ነው የሚሸጠው። መልኩ ወተት ይመስላል። ብዙ ቀን ከቆመ ዱቄቱ ስለሚዘቅጥ ከመቀዳቱ በፊት በደንብ መነቅነቅ አለበት። እሳት ሲያገኘው የፒ.ቪ.ሲ. እንክብሎች ማለስለሻውን መጥጠው ያብጣሉ፤ ድብልቁ መጀመሪያ ይወፍራል፣ ቀጥሎ ይጓጉላል። ሥራውን የማያውቅ ሰው እዚህ ላይ «ተበላሸ» ብሎ ሊደፋው ይችላል። አልተበላሸም። እያማሰሉ ሙቀቱን ከ170 እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያደርሱት ጓጎላው ይጠፋል፣ ወተት የነበረው እንደ ማር ጥርት ይላል፣ እንደ ልብም ይፈሳል። አሁን ዱቄቱና ማለስለሻው አንድ አካል ሆነዋል ማለት ነው። ወደ ወተትነት መመለስ የለም። ሲቀዘቅዝ ይረጋል፤ ሲሞቅ ይቀልጣል። በዚህ በኩል ሰምን ይመስላል። ለዚህም ነው የተበጣጠሰ ትልና ትርፍራፊ ተሰብስቦ ወደ ድስቱ የሚመለሰው፣ ምንም እንኳ በተደጋገመ ቁጥር ቀለሙ ወደ ቡናማ እየተለወጠ ቢሄድም።

ቀለምና የሚያብለጨልጭ ብናኝ የሚጨመረው ከጠራ በኋላ ነው። አንዳንዶች ጨው ይጨምራሉ፤ ትሉ ከብዶ እንዲሰምጥ ይረዳል፣ አጥማጆቹም ዓሣው በቶሎ አይተፋውም ይላሉ። ጨው ሲበዛ ግን ትሉ በቀላሉ ይበጠሳል።

የቅርጽ ማውጫው፣ ማለት ሞልዱ፣ አሠራር ቀላል ይመስላል፤ ውስጡ ግን ብልሃት አለ። ጥሩው ሞልድ ከሁለት የአሉሚኒየም ሰሌዳ ይሠራል። በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ የትሉ ግማሽ ተቀርጿል። ሁለቱ ሲገጠሙ እንዳይዛነፉ በአንዱ በኩል ትናንሽ ካስማዎች፣ በሌላው በኩል የካስማዎቹ ቀዳዳዎች አሉ። ከላይ ፕላስቲኩ የሚገባበት አፍ አለ፤ ከአፉም ወደ ትሎቹ የሚያደርስ ቦይ። በትሉ ጅራት በኩል ደግሞ ጸጉር የሚያህል መተንፈሻ ይተዋል። ይህች መተንፈሻ የተናቀች ትመስላለች። እሷ ከሌለች ግን በሞልዱ ውስጥ ያለው አየር መውጫ ስለሚያጣ ፕላስቲኩ ጅራቱ ጋ ሳይደርስ ይቆማል፤ የሚወጣውም ትል ጅራት የለውም። አየሩ በጠባቧ መንገድ ሲያመልጥ፣ ወፍራሙ ፕላስቲክ እዚያ ሲደርስ ቀዝቅዞ ይደፍናታል።

የቀለጠው ፕላስቲክ በትልቅ የብረት ሲሪንጅ ይመጠጣል። ሲሪንጁ ወደ ላይ ቀና ተደርጎ አየሩ ከወጣለት በኋላ በሞልዱ አፍ ላይ ተገጥሞ በዝግታ ይገፋል። ሞልዱ ሲሞላ ወዲያው ማንሣት አይገባም። ፕላስቲክ ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር፣ ግፊቱ ለጥቂት ሰኮንዶች ካልቀጠለ የትሉ ጀርባ ይሰረጉዳል። የመጀመሪያው ትል ብዙውን ጊዜ ጅራቱ ሳይሞላ ይወጣል፤ ምክንያቱ የሞልዱ መቀዝቀዝ ነው። እሱ ወደ ድስቱ ይመለሳል፤ ሞልዱም ስለሞቀ ሁለተኛው የተሻለ ይሆናል። ትሉ ከሞልዱ ሲወጣ ገና ለጋ ስለሆነ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወይም በጠፍጣፋ ነገር ላይ ቀጥ ብሎ መተኛት አለበት። ተጣጥፎ ከቀዘቀዘ እንደተጣጠፈ ይቀራል፤ ውሃ ውስጥም እንደ ትል መዋኘቱ ቀርቶ እንደ ቡሎን መክፈቻ ይሽከረከራል።

አሁን ወደ አሳሳቢው ጉዳይ ልምጣ። የፒ.ቪ.ሲ. ክብደት ከግማሽ በላዩ ክሎሪን ነው። ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ ሲያልፍ ፕላስቲኩ ይቢጫል፣ ይጠቁራል፣ ሃይድሮጅን ክሎራይድ የተባለውን ጋዝም ይለቃል። ይህ ጋዝ እርጥበት ሲያገኝ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይሆናል። እርጥበቱ ያለው የት ነው? በዓይናችን፣ በአፍንጫችንና በሳንባችን ውስጥ ነው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ትል ሠሪዎች ቴርሞሜትር ከእጃቸው አይለይም፤ ጋዝ የሚያጣራ ጭምብል ያደርጋሉ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ይሠራሉ፣ ለዚህ የዋለውን ድስት ለምግብ አይመልሱትም። በጥሩ ሙቀትና በመርዝ መካከል ያለው ርቀት 20 እና 30 ዲግሪ ብቻ መሆኑን ልብ በሉ። ይህን ርቀት በከሰል ምድጃ ላይ በዓይን ግምት መጠበቅ አይቻልም።

ሌላው ጠላት ውሃ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላ ስለሆነ 175 ዲግሪ በደረሰ ፕላስቲክ ውስጥ አንዲት ጠብታ ብትገባ በቅጽበት እንፋሎት ትሆናለች፤ መጠኗ ከአንድ ሺህ እጥፍ በላይ ያድጋል። ፕላስቲኩም እየፈነዳ ፊት ላይ ይረጫል፣ ከቆዳ ጋርም ይጣበቃል። በቅጡ ያልደረቀ የጀሶ ሞልድም ይህንኑ ያደርጋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከእኛ ጋር የሚገናኘው በእግራችን ነው ብል አትሳቁ። ርካሹ የፕላስቲክ ጫማ በብዛት የሚሠራው ከዚሁ ከለሰለሰ ፒ.ቪ.ሲ. ነው፤ አሠራሩም የቀለጠውን በሞልድ ውስጥ በግፊት መርጨት ነው። ጫማውን ገልብጣችሁ ሶሉን ብታዩ ፕላስቲኩ የገባበትን ጠባሳ ልታገኙ ትችላላችሁ። ያረጀ ኮንጎ ጫማ ሰብስቦ በክፍል ውስጥ ማቅለጥ እንግዲህ ያንኑ አሲድ ጋዝ በልጆች መካከል መልቀቅ ነው። በቆርቆሮ ጣሳ ቢሆን፣ በሜዳ ላይ ቢሆን፣ «ትንሽ ብቻ ነው» ቢባል እኔ በበኩሌ አልስማማም።

ልጆች ፕላስቲክ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ እንዲያውቁ ከተፈለገ እሳት አያስፈልግም፤ አንድ ባልዲ ውሃ ይበቃል። ከፌስታልና ከጄሪካን የተቆረጠው ይንሳፈፋል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ ይሰምጣል። የሚሰምጠው ሁሉ ግን ፒ.ቪ.ሲ. ነው ማለት አይደለም፤ የታሸገ ውሃ የሚሸጥበት ጠርሙስም ሲቆረጥ ይሰምጣል።

የማለስለሻው ነገርም መረሳት የለበትም። ማለስለሻው ከፒ.ቪ.ሲ. ጋር ተጋብቶ የሚኖር ቢመስልም ቀስ በቀስ ይወጣል። ለስላሳ ትል በአንዳንድ ደረቅ ፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥ ሣጥኑን ያሟሟዋል፤ ቀይና ነጭ ትል አብረው ቢውሉ ነጩ ይቀላል። ከማለስለሻዎቹ መካከል ፍታሌት የሚባሉት ለጤና ስለሚያሠጉ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 አንዳንዶቹን በልጆች መጫወቻ ላይ የሚገድብ መመሪያ አውጥቷል። በሐይቅ ውስጥ ተበጥሶ የሚቀረው ትልም አይበሰብስም፤ ዓሣ ይውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የሜይን ግዛት ምክር ቤት ለስላሳ የፕላስቲክ ማባበያ እንዲከለከል የሕግ ሐሳብ የቀረበው በዚሁ ምክንያት ነበር።

ሞልዱንና ሲሪንጁን ግን ለክፍላችን ልናስቀራቸው እንችላለን። የሚቀየረው የሚረጨው ነገር ብቻ ነው። ከሸክላ ጭቃ ጣት የሚያህል ትል ሥሩ። በካርቶን ውስጥ ጭቃ ደልድሉና ትሉን እስከ ግማሹ ቅበሩት፤ በግራና በቀኝ ሁለት ትናንሽ ጉድጓድ አብጁ፣ ቫዝሊን ቀቡ፣ የተበጠበጠ ጀሶ አፍስሱበት። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ሲረጋ ገልብጡት፤ ትሉን ሳትነኩ ድልዳሉን ጭቃ አንሡ፣ ጀሶውን ቫዝሊን ቀቡና ሁለተኛውን ግማሽ አፍስሱ። ጀሶ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ራሱ ሙቀት ስለሚያወጣ ማንም ልጅ እጁን ነክሮ እንዳያቆይ ተጠንቀቁ። ሲደርቅ ትሉን አውጥታችሁ መግቢያውን አፍና የጅራቱን መተንፈሻ በምስማር ቅረጹ፤ ውስጡንም ቫዝሊን ቀቡት።

ለመርጨት የጀላቲን ዱቄት፣ ውሃና ለቆዳ የሚቀባው ግሊሰሪን እኩል በእኩል ይበቃል። ጀላቲኑ በቀዝቃዛ ውሃ ለ10 ደቂቃ ይራስ፤ ከዚያ ግሊሰሪኑ ተጨምሮ በሙቅ ውሃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ እስከ 60 ዲግሪ ያህል ይሙቅ። መፍላት የለበትም፤ ከፈላ የመርጋት ኃይሉ ይቀንሳል። አዲስና መርፌ በሌለው የፕላስቲክ ሲሪንጅ መጥጣችሁ ሁለቱን የጀሶ ግማሾች አጥብቃችሁ አስራችሁ በዝግታ ግፉ። መጀመሪያ መተንፈሻውን በጭቃ ደፍናችሁ፣ ቀጥሎ ከፍታችሁ ሞክሩ፤ ጅራት የሌለው ትልና ጅራት ያለው ትል ጎን ለጎን ይቀመጡ።

የጀላቲኑ ትል ዓሣ ለማጥመድ አይሆንም። በአንድ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ቢያድር አብጦ ይገኛል። ማታ ሲገባና ጠዋት ሲወጣ ርዝመቱን በማስመሪያ ለክቶ መመዝገብ የሦስተኛ ክፍል ልጅም የሚችለው ሥራ ነው።