የጥጥ ደጋን ክንድ ዕድሜ፦ የሚጎዳው ምት ነው ወይስ ተወጥሮ መክረም?

በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ገጠር ቀበሌዎች፣ እንደ ሌላው የአማራ አካባቢ ሁሉ፣ በእጅ የሚፈተል ጥጥ ፍሬው በመዳመጫ ከወጣ በኋላና ወደ እንዝርት ከመድረሱ በፊት በደጋን ይነደፋል። ደጋን የጎበጠ እንጨትና ጫፍና ጫፉን የሚያገናኝ ጅማት ነው፤ ከዚህ የዘለለ ነገር የለውም። ፈታይዋ ጅማቱን ከጥጡ አስጠግታ በጣቷ እየሳበች ትለቀዋለች፤ ንዝረቱም የታመቀውን ጥጥ በታትኖ ባዘቶ ያደርገዋል። ክንዱ የላላ ደጋን ጅማቱን አጥብቆ ስለማይወጥር ያልተፍታታ ጥጥ ይበዛበታል፤ ፈትሉም አንዴ ወፍራም አንዴ ቀጭን እየሆነ ይወርዳል። ሸማኔ ይህን በጣቱ ዳብሶ ያውቃል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ይቀንሳል።

የክንድ መላላት ብዙውን ጊዜ ከሥራ ብዛት ጋር ይያያዛል። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ግን ክንዱን ከንደፋው ይልቅ ከንደፋ በኋላ ያለው ጊዜ እንደሚጎዳው ነው።

ስለ ቀስት ክንድ የተጻፈው አብዛኛው የጦር መሣሪያን፣ በተለይም መስቀለኛ ቀስትን (በእንጨት እጀታ ላይ ተጋድሞ የተገጠመውንና በቃታ የሚለቀቀውን) ይመለከታል። የመስቀለኛ ቀስት ክንድ አጭርና ወፍራም በመሆኑ ሲሳብ ወደ መሰበሪያው ወሰን ይጠጋል። ስለዚህም በአውሮፓ ከተራ እንጨት ወደ ቀንድና ጅማት ቅንብር፣ ቆይቶም ወደ ብረት ተሸጋግሯል። ያለ ፍላጻ መልቀቅም ይጎዳዋል፤ ፍላጻው ይዞት የሚሄደው ጉልበት ወደ ክንዱ ይመለሳልና። ደጋን በዚህ ረገድ ዘወትር ያለ ፍላጻ የሚለቀቅ ቀስት ነው! የማይሰበረው በእያንዳንዱ ምት የሚሳበው በጣም ጥቂት በመሆኑ ነው።

የምቱን ድካም በግምት እናስላው። አንዲት ፈታይ በደቂቃ 60 ጊዜ፣ በቀን 2 ሰዓት፣ በዓመት 100 ቀን ትነድፋለች ብንል በዓመት 720,000 ምት ይሆናል። የአሜሪካ የደን ውጤቶች ላቦራቶሪ የእንጨት መመሪያ እንደሚያሳየው ጉጥ የሌለውና ቃጫው ቀጥ ያለ ደረቅ እንጨት ከዜሮ ጀምሮ በሚመላለስ የመታጠፍ ጫና 30 ሚሊዮን ዙር የሚችለው ጫናው ከጥንካሬው 40 በመቶ ገደማ ሲሆን ነው። በዚህ ሒሳብ ክንዱ ከ41 ዓመት በላይ ሊነድፍ ይችላል። እርግጥ ነው፣ አንድ ምት ጅማቱን ብዙ ጊዜ ያንቀጠቅጣል፤ ነገር ግን ጅማቱ ከክንዱ እጅግ ስለሚቀል ወደ እንጨቱ የሚተላለፈው ንዝረት ትንሽ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንመለስ። ዓመት 8,760 ሰዓት አለው። ከላይ በተያዘው ግምት ደጋኑ የሚሠራው 200 ሰዓት ብቻ ነው። ጅማቱ ሳይፈታ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚከርም ከሆነ ክንዱ ከተጫነበት ጊዜ 97.7 በመቶው ያለ ሥራ ያለፈ ነው። ጫናውም ቀላል አይደለም። ቀጥ ብሎ የተቆረጠና 1.5 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው ክንድ 1.5 ሜትር ራዲየስ ወዳለው ቅስት ሲጎብጥ ውጨኛው ገጹ 0.5 በመቶ ይለጠጣል፤ በጅማቱ በኩል ያለው ውስጠኛው ገጽም በዚያው መጠን ይታመቃል (ውፍረቱ ለራዲየሱ እጥፍ ሲካፈል)። ብዙ እንጨቶች በመታጠፍ የሚሰበሩት 1 በመቶ አካባቢ ስለሆነ ይህ ግማሽ መንገድ ነው። ደረቅ እንጨት ደግሞ መታመቅን የሚችለው መለጠጥን ከሚችለው በእጅጉ ያነሰ ነውና መጀመሪያ የሚሸነፈው ውስጠኛው ገጽ ነው፤ እዚያ ላይ በአግድም የሚታዩ ቀጫጭን የመጨማደድ መስመሮች ምልክቱ ናቸው። በተፈጥሮው ትንሽ የጎበጠ እንጨት የሚመረጥበት ምክንያትም እዚህ ላይ ይገለጻል፤ የሚጨመርበት ጉብጠት ያንሳል።

እንጨት በቋሚ ጫና ሥር ቀስ በቀስ ይጎብጣል፤ ሲለቀቅም ሙሉ በሙሉ አይመለስም። ላይማን ውድ እ.ኤ.አ. በ1951 ባወጣው ሥራ መሠረት ለአሥር ዓመት የሚጫን እንጨት የሚችለው በአጭር ሙከራ ከሚችለው 62 በመቶ ገደማውን ነው። ለወሎ ይበልጥ የሚመለከተው ግን አርምስትሮንግና ኪንግስተን እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳዩት ነው፦ የተጫነ እንጨት እርጥበቱ ሲለዋወጥ፣ እርጥበቱ ሳይለወጥ ከሚቆየው እጅግ አብልጦ ይጎብጣል። ሰሜን ወሎ የበልግም የክረምትም ዝናብ አለው። ሳይፈታ የሚሰቀል ክንድ በዓመት ሁለት ጊዜ ይረጥባል፣ ሁለት ጊዜ ይደርቃል። ጅማቱም በበጋ ሲደርቅ ይኮማተርና ጫናውን ይጨምራል። ምድጃ አጠገብ ከተሰቀለ ደግሞ የድስቱ እንፋሎትና የእሳቱ ሙቀት ይህን ዑደት የየቀኑ ያደርጉታል።

ጅማቱን መፍታት ዋጋ አለው። ደጋግሞ መቋጠር ጅማቱን ይቆርጣል፣ ጊዜም ይወስዳል። አንዱ ጫፍ ቋሚ ቋጠሮ፣ ሌላው ከጎድጓዳ ላይ የሚወልቅ ቀለበት ቢሆን ችግሩ ይቃለላል ብዬ እገምታለሁ።

የቃጫው አቅጣጫም ሊዘነጋ አይገባም። ቃጫው በ10 ሴ.ሜ ርዝመት 1 ሴ.ሜ ካዘነበለ በመመሪያው መሠረት የመታጠፍ ጥንካሬው ወደ 81 በመቶ ይወርዳል፤ በ5 ሴ.ሜ 1 ሴ.ሜ ካዘነበለ ወደ 55። ከወፍራም እንጨት በመጥረቢያ ተጠርቦ የሚወጣ ክንድ ከቀጭን ልምጭ ሳይጠረብ ከሚወሰደው ይልቅ ለዚህ የተጋለጠ ነው።

ሙግቱን ለመፈተን ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ከአንድ ዛፍ ዓይነት የተቆረጡ 24 ክንዶች በሦስት ይከፈሉ፦ ተወጥረው የሚከርሙ ግን የማይነደፍባቸው፣ የሚነደፍባቸውና ማታ ማታ የሚፈቱ፣ የሚነደፍባቸውና የማይፈቱ። የእያንዳንዱ ምድብ ግማሽ ወልድያ፣ ግማሹ ሞቃታማ በሆነችው መርሳ ይቀመጥ። ከበልግ መግቢያ እስከ መስከረም በየሁለት ሳምንቱ ጅማቱ ወልቆ፣ ክንዱ ለአንድ ሰዓት አርፎ፣ በሁለቱ ጫፎች መካከል በተዘረጋ ክርና በክንዱ መሐል ያለው ርቀት ይለካ። ያልተነደፈባቸው ክንዶች ተነድፎባቸው ከሚፈቱት ይልቅ ጎብጠው ከተገኙ ጥፋቱ የምቱ አይደለም።