የጦር ጨዋታና የሥራ ጨዋታ

ጨዋታ ሁሉ ሥራ መፍታት ነው የሚል ሰው አይታጣም። ነገር ግን ልጅ በጨዋታ የለመደውን ካደገ በኋላ በሥራው ይገልጠዋልና፥ በቤታችን የሚጫወተውን ማስተዋል ይገባናል።

አባቶቻችን የሚወዱት ሰንጠረዥ የጦር ትምህርት ነው። በአገራችን ሥርዓት ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ ተራ የሚጀመረው አንዱ ከሌላው ሠራዊት ከገደለ በኋላ ነው። ይህን የሚያይ የስሜን ሰው፥ በ1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ ከተባሉት ከካሣ ጋራ በደረስጌ የተዋጉበትን ቀን ቢያስብ አያስደንቅም። በዚህ ጨዋታ አንዱ ካልወደቀ ሌላው አይነሣም።

በውጭ አገር ግን የፋብሪካንና የምድር ባቡርን ታሪክ የሚያስተምር ሌላ የገበታ ጨዋታ ወጥቷል። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ትሬሻም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1974 ስለ ምድር ባቡር «1829» የተባለውን አሳተመ። በ2007 ደግሞ ማርቲን ዋላስ በላንካሺር አገር ከ1770 እስከ 1870 የነበረውን የሥራ ዘመን የሚያሳየውን «ብራስ» አወጣ። በዚህ ጨዋታ የከሰል ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው ገቢው የሚጨምረው ከሰሉ ለሥራ ተወስዶ ሲያልቅ ነው፤ ወሳጁም ተወዳዳሪው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች ሌላው የሚፈልገውን አስቀድሞ አስቦ ይሠራል። የባቡር ዘመን ሲደርስ የውሃ ቦዮቹ ሁሉ ከገበታው ይነሣሉና፥ በአሮጌ ሥራ ብቻ የታመነ ሰው ይከስራል። የጨዋታው ጣዕም ይህ ነው፤ ባልንጀራን በማጥፋት ሳይሆን ለባልንጀራ በመጥቀም ይረታል።

ይህን ለመቅመስ ዕቃ ከባሕር ማዶ ማስመጣት አያስፈልግም። በወረቀት ላይ ጎንደርን፥ ዳባትን፥ ደባርቅን፥ ሊማሊሞን፥ ዛሪማንና አዲ አርቃይን በተራ ጽፎ በመስመር ማገናኘት ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ ሃያ ፍሬ የወገራ ገብስ ይሰጠው። በተራው ወይም ሸክሙን አንድ ቦታ ያሳልፍ፥ ወይም በሦስት ፍሬ ድልድይ ወይም ወፍጮ ይሥራ፤ በሌላው ሥራ የተጠቀመ አንድ ፍሬ ይክፈል። ማንም በማያልፍበት ድልድይ የሠራ ልጅ ገብሱን በከንቱ ያጠፋል።

እንዲህ የተጫወተ ልጅ በጠላት ወረራ ዘመን የተጠረገውን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወርድ፥ ገደሉን ብቻ አይመለከትም፤ ማን ቈፈረው፥ ማን ያልፍበታል፥ ሲናድስ ማን ያድሰዋል ብሎ ይጠይቃል። ሰንጠረዡ ከቤታችን አይውጣ፤ ከጎኑ ግን ለሥራ ጨዋታ ስፍራ እንስጥ።